የጋራ ግድግዳ፣ የጎረቤት ጉድጓድና አንድ ወረቀት

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰዎች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጎረቤቴ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው። መሠረት ሲቆፍር የኛ ቤት መሰንጠቅ ጀመረ። ምን ላድርግ?» አንዱ ከቡሬ ነው፣ አንዷ ከደምበጫ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ፍኖተ ሰላም። በእናቴ ቤት የሆነውን ስለሰሙ ነው የጠየቁኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ፣ ይሄ የጋራ ግድግዳ የሚባል ነገር ከየት መጣ? በየከተማችን መንገድ ዳር ያሉትን የድሮ ቤቶች ተመልከቷቸው። አንድ ሰው ረዘም ያለ ቤት ይሠራና በክፍል በክፍል ያከራያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በአንድ ጣሪያ ሥር የነበረ ቤት ለተለያየ ሰው የደረሰበት ጊዜ አለ። ሌላው በውርስ ተከፈለ፣ ሌላው ተከፍሎ ተሸጠ። የኛ በሽያጭ ነው። ባለቤቱ ረጅሙን ቤት ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአባቴ፣ ግማሹን ለጎረቤታችን ሸጠላቸው። ካርታው ሁለት ሆነ፤ መሐል ላይ ያለው ግድግዳ ግን ያው አንድ ነው። ሁለታችንም ጣሪያችንን እሱ ላይ አሳርፈን ስንት ዓመት ኖርን።

ይሄ ግድግዳ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። መሠረት የሚባል ነገር የለውም። ቋሚው መሬት ውስጥ የገባው ግፋ ቢል እስከ ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ጠላት አለው፦ ከላይ የሚወርድ ውሃና ከሥር የሚሸሽ አፈር። ጎረቤት አፍርሶ መሥራት ሲጀምር ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጡብሃል። ጣሪያውን ሲያነሳ ዝናብ አይቶ የማያውቅ የጭቃ ግድግዳ ለሰማይ ይጋለጣል። መሠረት ሲቆፍር ደግሞ ቋሚው የቆመበት አፈር ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ይጀምራል።

2010 ዓ.ም.፣ ግንቦት ላይ የሆነው ይሄው ነው። ጎረቤታችን የሳቸውን ግማሽ አፈረሱ። ጂ ፕላስ ዋን ሊሠሩ ነው። በግድግዳው ርዝመት ሙሉውን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ በሦስት ቀን ተቆፈረ። በአራተኛው ቀን እናቴ አልጋዋ ራስጌ ላይ ስንጥቅ አየች። በሳምንቱ ጣት የሚያስገባ ሆነ። የጓዳው በር አልዘጋ አለ።

እናቴን «እንነጋገራቸው» ስላት «ልጄ ተይው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ማታ ቢያመኝ የሚደርስልኝ እሱ ነው» አለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ነገ ጠዋት ክሰሺ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለኝ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ግድግዳውን አያቆሙትም። ዝም ካልን ቤቱ እላይዋ ላይ ይወድቃል። ከከሰስን ደግሞ መጥሪያው፣ መልሱ፣ ቀጠሮው እያለ ሰኔ ይገባል። ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም።

እኛ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከጠብ በፊት ማስረጃ። ጎረቤታችን መጀመሪያ ያሉት «ይሄ ስንጥቅ ድሮም ነበር» ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም፤ የጭቃ ቤት ስንጥቅ አያጣም። ስለዚህ ክርክር አልገጠምንም። ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በስልክ ፎቶ አነሳን፤ ከስንጥቁ አጠገብ ሜትር አድርገን። ቀጥሎ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ግንበኛ መጡና ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጀሶ በስሱ ለጠፉበት። እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል። ላዩ ላይ ቀኑን ጻፍን። ጀሶ ከደረቀ በኋላ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተነቃነቀ ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ቀን የታችኞቹ ሁለቱ ለሁለት ተከፈሉ። ጎረቤታችንን ጠርተን አሳየናቸው። ቀኑን አነበቡ፣ ጀሶውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ዝም አሉ። «ድሮም ነበር» የሚለው ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሳም።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ማስቆም ሳይሆን አሠራሩን ማስተካከል። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ጎረቤታችን ብድር አለባቸው። የቀን ሠራተኛ ቢቆምም ሒሳቡ አይቆምም፤ የገዙት ሲሚንቶ እርጥበት ከነካው ድንጋይ ይሆናል። «አቁም» ብትሏቸው የሚታገሏችሁ ለዚህ ነው። ግንበኛው ያቀረቡት ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ከኮለኖቹ መሐል ያለው አፈር ተመልሶ ይሞላና ይጠቅጠቅ። የኮለን ጉድጓዱ አንዱ እየተዘለለ ይከፈት፤ የተከፈተው ፌሮው ገብቶ ኮንክሪት ሳይሞላ ቀጣዩ አይነካ። የኛ ግድግዳ ከሁለቱም በኩል በሰያፍ እንጨት ይደገፍ። የተጋለጠው ጎን በሸራ ይሸፈን። ይሄ ሥራውን በአንድ ሳምንት ቢያዘገየው ነው።

ሦስተኛ፣ ማዘጋጃ ቤት። ጎረቤት ላይ መክሰስ አድርገን አላየነውም፤ ለእሳቸውም ነግረናቸው ነው የሄድነው። ያኔ የሚሠራበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ማንኛውም ግንባታ የሰውንና የሌላውን ሕንፃ ደኅንነት በማይጎዳ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም የሕንፃ ሹም ይባላል። ባለሙያው መጡ፣ ጀሶውን አዩ፣ ድጋፉ ሳይቆም ቁፋሮው እንዳይቀጥል አዘዙ። ግንበኛው ያሉትን በመንግሥት ሰው አፍ ሲሰሙት ጎረቤታችን ተቀበሉት። አንዳንዴ ሰው ሐሳቡን ጠልቶ ሳይሆን ከጎረቤት ታዞ እንዳይመስልበት ነው እንቢ የሚለው።

ስለ ሕግ ከተነሳ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት አንቀጾች አሉት፤ ብታውቋቸው ይጠቅማል። አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከሚጎዳ ከልክ ያለፈ ሥራ እንዲቆጠብ ያዛል፤ ጭስና መጥፎ ሽታ ብቻ ሳይሆን ንዝረትም ተጠቅሷል። አንቀጽ 2077 ደግሞ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። እነዚህን ማወቅ ፍርድ ቤት ለመሮጥ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ ልመና ላይ እንዳልሆናችሁ እንድታውቁ ነው።

አራተኛ፣ ሽማግሌ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት የእድራችን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እዚያ ነው የጠቡ እውነተኛ ሥር የወጣው። ለካ ጉድጓዱ አይደለም፣ ግማሽ ስንዝር መሬት ነው! በካርታው ወሰኑ የግድግዳው መሐል ላይ ነው። ጎረቤታችን የግድግዳውን ግማሽ ውፍረት «የኔ ነው፣ አፍርሼ እስከ ወሰኔ እሠራለሁ» ብለው ነበር ያሰቡት። በወረቀት ልክ ናቸው። ግን ያንን ግማሽ ካነሱት የኛ ጣሪያ የሚያርፍበት የለውም።

እናቴ ያን ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ከዚህ ቤት የትም አልሄድም። ልጆቼ ሲሠሩት መሬትህን ትወስዳለህ። እስከዚያ ግን ግድግዳዬን ተውልኝ።»

ሽማግሌዎቹ በዚችው ላይ ፈረዱ። አሮጌው ግድግዳ የኛ ቤት እስካለ ድረስ ሳይነካ ይቆያል። እኛ ወይም ወራሾቻችን አፍርሰን ስንሠራ ወሰኑ ወደ ካርታው ይመለሳል፤ ያቺ ግማሽ ስንዝር የጎረቤታችን ነች። እሳቸው የራሳቸውን የብሎኬት ግድግዳ በራሳቸው ኮለን ላይ ያቆማሉ፣ በኛ ላይ ምንም አያሳርፉም። በሁለቱ ግድግዳ መሐል ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ላሜራ ይለብሳል። የሳቸው ጣሪያ ውሃ በአሸንዳና በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። የኛን ስንጥቅና የጓዳውን በር እሳቸው ያስጠግናሉ።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «በሉ፣ አበቃ፣ ተሳሳሙ» አሉ። እኔ «ይጻፍ» አልኩ። ትንሽ ቅሬታ ተፈጠረ። «የኛ ቃል አይበቃም ወይ?» አሉ። ይበቃል፤ ለኛ። ግን ያቺ ግማሽ ስንዝር የምትመለሰው ማናችንም በሌለንበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። የጎረቤታችን ልጆች አባታቸው የተውትን ለማስመለስ ወረቀቱ ያስፈልጋቸዋል። ይሄን ስላቸው መጀመሪያ «ይጻፍ እንጂ!» ያሉት ራሳቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሕጉም ቢሆን እርቅን አይንቅም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ እርቅን ራሱን የቻለ ውል አድርጎ ይቆጥረዋል። በሁለት ቅጂ ተጻፈ፣ ሁለቱ ተፈራረሙ፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆኑ፣ ፎቶዎቹ ታትመው ተያያዙ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ላሜራው ገና አልገባም ነበር፤ ሸራው ግን ነበር። ክረምቱን እናቴ አልጋዋን ወደ ሌላኛው ክፍል አዛውራ አሳለፈች። በጥቅምት ስንጥቁ ተደፈነ። ተቋርጦ የነበረው የሁለቱ ቤት ቡናም ያኔ ቀጠለ። ዛሬም ግድግዳው ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ግን ቆሟል።

እኛ አገር ሽማግሌና ወረቀት ጠላት ይመስሉናል። «ይጻፍ» ያለ ሰው ያላመነ ይመስላል፤ ሽማግሌ የላከ ደግሞ መብቱን የተወ። እኔ ያየሁት ሽማግሌው ያገኘውን እርቅ ወረቀቱ ሲጠብቀው ነው።

የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁም ይሄ ለእናንተ ነው። ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ግድግዳውን አብራችሁ ፎቶ አንሱ። የድሮ ስንጥቅ ካለ ያን ቀን ይታወቃል፤ ነገ ያላበላሻችሁትን አትከፍሉም። ቁፋሮውንም ለክረምት አፍ አታድርጉት፤ ጥቅምትና ኅዳር እያሉ ግንቦት ላይ መሠረት መክፈት ለሁለታችሁም አደጋ ነው።

ግንበኞችና የሕግ ባለሙያዎች ካላችሁ የጎደለውን ኮመንት ላይ ጨምሩበት። ጎረቤቱ እየቆፈረበት ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሳይጠነክር አድርሱለት።