«ሥጋው የማን ነው?»



ይህችን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነን። የምንጽፈው ስለ አንድ ምሳ ነው። «ምሳ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ በዚያ ምሳ እናታችንን በድለናልና።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጄኔቭ ከተማ ለብዙ ዓመታት የኖረው ታላቅ ወንድማችን ለእረፍት ወደ ጅማ መጣ። እናታችን ቦንጋን የማየት የቆየ ምኞት ነበራቸው። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጭነት መኪና ከቦንጋ ወደ ጅማ ቡና ያመላልሱ ስለነበር የአገሩን ጫካና የሕዝቡን እንግዳ ተቀባይነት ሲያወሩላቸው ኖረዋል። እኛም መኪና ተከራይተን አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጉዞ ጀመርን።

ከጅማ ቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ስንወርድ ሙቀቱ በረታብን። ድልድዩን ተሻግረን የከፋን ምድር ስንረግጥ መንገዱ እንደገና ሽቅብ ያዘ፤ አየሩም ቀዘቀዘ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ጫካ በዚሁ በከፋ ምድር ነው። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ከፍ ብሎ ከቅርንጫፎቹ ላይ ደግሞ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል። እናታችን «ሱብሃነላህ» እያሉ ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር።

በመንገድ ላይ ወንድማችን ስለ ፈረንሳይ ተራሮች አጫወተን። በሞን ብላን ተራራ ግርጌ ሻሞኒ የምትባል፣ ሰዎች በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚጎርፉባት መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደውም እዚያው ነው። ወንድማችን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሄዶ ቢስትሮ በሚሏት ትንሽ ምግብ ቤት እራት ተጋብዟል። አንደኛው ምግብ ድንችና አይብ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተጋገረበት ታርቲፍሌት ነበር፤ እሱን ተወው። ሁለተኛው ፎንዱ የሚባል የቀለጠ አይብ ነው። «አይብ ምን አለበት?» ብሎ ዳቦውን እየነከረ በላ። አይቡ የሚቀልጠው በነጭ ወይን ጠጅ መሆኑን የሰማው በማግስቱ ነው።

«ለምን አልጠየቅህም?» አለችው እህታችን።

«አፈርኩ» አላት።

እናታችን ይህን ሰምተው ምንም አልተናገሩም። ሻሞኒ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,035 ሜትር፣ ቦንጋ ደግሞ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ መሆናቸውን ሲነግረን ግን «ታዲያ የኛው ተራራ ይበልጣላ!» ብለው ሣቁ።

ዙህርን በመንገድ ሰግደን ቦንጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጧት መርፌያቸውን ወስደዋል፤ የያዝነው ዳቦ ደግሞ ገና ጎጀብ ላይ አልቋል። ከመኪናው ሲወርዱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ግንባራቸውም ያልበው ጀመር። ደነገጥንና ከፊታችን ወዳገኘነው ምግብ ቤት ይዘናቸው ገባን። ቦታው ኮረብታ ላይ ሆኖ ጫካውን ከላይ የሚያይ፣ ያማረ ቤት ነበር። ከከተማና ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ሞልተውበታል።

አስተናጋጁ አንድ ልጅ እግር ነው። ቶሎ የሚደርሰው ጥብስ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው እንደሚቆይ ነገረን። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ የክርስቲያኖቹ የጾም ወጥ ስለሚኖር ነገሩ ይቀል ነበር። ጥብሱን አዘዝን። ልጁ እንደሄደ እናታችን ቀና ብለው «ሥጋው የማን ነው? ጠይቃችኋል?» አሉ።

ከመካከላችን አንዱ «አዎ፣ ጠይቀናል፤ የኛው ነው» አለ። ማን እንደተናገረ መጻፍ አያስፈልግም። የተናገረው አንዱ ነው፤ ዝም ያልነው ግን ሁላችንም ነን። አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጠየቁ አሳፈረን። ጥብሱ ቶሎ ይድረስላቸው እንጂ ሌላው ምን ይሆናል ብለንም ራሳችንን አጽናናን።

ጥብሱ መጣ። እናታችን እጃቸውን ታጥበው «ቢስሚላህ» ብለው ሊቆርሱ ሲሉ ከጓዳው በኩል አንዲት ሴት በፍጥነት መጣች። የቤቱ ባለቤት ነች፤ በአንገቷ ማተብ አስራለች። የእናታችንን መከናነቢያና ሙስበሃ ከሩቅ አይታ ኖሯል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዳይነኩት። ሥጋው የክርስቲያን ነው» አለቻቸው።

እናታችን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጆቼ ጠይቀናል ብለውኛል'ኮ» አሉ።

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ፊታችንን አየች። የገባት ይመስለናል። «እንግዲያው ጥፋቱ የኛ ነው፤ ልጃችን ተሳስቶ ነግሯቸው ይሆናል» ብላ ትሪውን አነሣች። አስተናጋጁ ልጅ አጠገቧ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኛ አሁንም ዝም አልን።

የእናታችንን መንቀጥቀጥ ባየች ጊዜ ምን እንደሆነ ጠየቀችን። ነገርናት። ወዲያው የጫካ ማር በማንኪያና በሙቅ ውኃ አመጣችላቸውና እስኪጠጡ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ላባቸው ደረቀ፤ ፊታቸውም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጓዳ ገብታ ለብቻው ከተቀመጠ ዕቃ ውስጥ መጥበሻና ሳህን አወጣች። እናቷ በሠርግም በለቅሶም ለእስላም ጎረቤቶቻቸው የተለየ ዕቃ ያኖሩ እንደነበረ፣ እሷም ይህንኑ ይዛ እንደቀረች ነገረችን። እንቁላል በዘይት ጠበሰች፤ ቆጮውን በምጣድ አሙቃ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረበችልን። እናታችን «አባታችሁ የነገሩኝ ይህንኑ ነው» እያሉ በደስታ በሉ። ለእኛ ግን ጉሮሯችን አልከፈት አለ።

ከምሳው በኋላ ቡና ተፈላ። የከፋ ቡና ባሕር ተሻግሮ በ15ኛው መቶ ዘመን በየመን ሱፊዮች ዘንድ የዚክር ሌሊት መንቂያ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1669 ደግሞ ሱለይማን አጋ የተባለው የኦቶማን መልእክተኛ የፓሪስን መኳንንት ቡና እንዳስለመዳቸው ወንድማችን ያነበበውን ነገረን። ዛሬ በዚያች የበረዶ መንደር ቢስትሮ ከእራት በኋላ የሚቀርበው ፍንጃል ዘሩ ከዚሁ ተራራ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ አቦሉን ቀድታ ቶናውን ስታቀርብ፣ በረካውን ሳይጠጡ እንዳይነሡ እናታችንን ለመነቻቸው። «በረካ» የሚለውን ቃል ከዓረብኛው ወስደን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል እንመርቅበታለን።

ልጁ ሲኒውን ሊሰበስብ ሲመጣ እናታችን እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ እንዲህ አታድርግ። ያላወቅኸውን አውቃለሁ አትበል፤ ሰውን ታሳስታለህ» ብለው መከሩት። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

እህታችን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «እማዬ፣ ልጁ አልተሳሳተም። አልጠየቅነውም። የዋሸነው እኛ ነን» አለች፤ እንባዋም መጣ።

እናታችን ለረጅም ጊዜ ጫካውን አዩ። ከዚያም «እኔ ሳላውቅ ብበላው አላህ መሐሪ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ከእንግዲህ ጠይቀናል ስትሉኝ እንዴት አድርጌ ልመናችሁ?» አሉን። ወደ ልጁ ዞረውም ይቅርታ ጠየቁት። እኛም ተነሥተን እሱንም እመቤቱንም ይቅርታ ጠየቅን።

ስንመለስ ሸቤ ላይ ለሻይ ቆምን። ብስኩት ገዝተን «ጠይቀናል፣ ምንም የለበትም» አልናቸው። እናታችን ምንም ሳይሉ ባለ ሱቁን ጠሩና ራሳቸው ጠየቁት። ያች አንዲት ጥያቄ ከተግሣጽ ሁሉ በላይ ከበደችን።

ውድ አንባቢያን! በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተነገረውንና የዑለማዎችን ማብራሪያ ለአዋቂዎቹ እንተወዋለን። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሠርጉም በለቅሶውም ለየብቻ አርደው በአንድ ድንኳን ሲኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ እንደ ስድብ አልቆጠረውም። «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ባለቤቱን ማመን ነው፤ እውነቱን ይነግረኛል ማለት ነው። ያች ሴት ያልተጠየቀችውን መለሰች፤ እኛ የተጠየቅነውን ካድን።

ታላቅ ወንድማችን ወደ ጄኔቭ ከተመለሰ በኋላ፣ በደረሰበት ምግብ ቤት ሁሉ ሳያፍር እንደሚጠይቅ ነግሮናል። እኛ ጅማ ያለነው ደግሞ ለእናታችን ምግብ ስናቀርብ አሁንም አንድ ጊዜ ዓይናችንን አይተው ነው የሚቆርሱት። አንድ ቀን ሳያዩን እንዲቆርሱ አላህ ያብቃን። አሚን።