የሮማናት ክሬንና ያልደረሰው ባቡር

ሥራ የፈታ ታወር ክሬን ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ይዞራል። ይህን የነገረኝ የምሕንድስና ተማሪ የኾነው የእኅቴ ልጅ ነው። በመቐለ ከሮማናት አደባባይ አጠገብ ስናልፍ ከአንድ ጅምር ሕንፃ በላይ የቆመውን አሳየኝና፥ «አኮይ፥ ሠራተኞቹ ሲወርዱ የመዞሪያውን ፍሬን ይለቁለታል፤ ቢታሰር ነፋሱ ሊጥለው ይችላል» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ሁሉ ስለ ክሬን ኾነ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ መሣሪያ በፊቱ ዕቃ ሲያነሣ በጀርባው የኮንክሪት ሚዛን ይሸከማል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ራሱን በራሱ ማሳደጉ ነው። በግንዱ ዙሪያ ያለው ማቀፊያ በዘይት ግፊት አናቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በተከፈተውም ቦታ አዲስ የብረት ቁራጭ ገብቶ ይታሰራል። እንዲህ እያለ ከሚሠራው ምሰሶ ጋራ ያድጋል፤ እንዳይወላገድም በየደረጃው ከምሰሶው ጋራ ይያያዛል።

በቻይና በያንግትዜ ወንዝ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የሁቶንግ ድልድይ ምሰሶዎች ከ300 ሜትር በላይ ናቸው። በ1,092 ሜትር ስፋት መካከል እግር ሳይኖረው አራት የባቡር ሐዲድ ተሸክሞ በብረት ገመዶች ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ድልድይም እንደ ክሬኑ የሚዛን ሥራ ነው፤ ወለሉ ከምሰሶው ግራና ቀኝ እኩል እኩል ይዘረጋል፤ አንዱ ወገን ቢቀድም ምሰሶው ይጎብጣል። ባቡር ሲኾን ደግሞ ይከብዳል። መኪና ወለሉ ጥቂት ቢረግብ ይታገሣል፤ ሐዲድ ግን አይታገሥም።

በአገራችን በገመድ የተያዙት ታላላቆቹ ድልድዮች የመኪና ናቸው፦ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትሩ የአባይ በረሃው የሕዳሴ ድልድይና በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው 380 ሜትሩ የባሕር ዳር ድልድይ።

ከሐራ ገበያ ወደ መቐለ የሚመጣው የባቡር መሥመር በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ቆመ። በእኔ አሳብ ለዚያ ተራራማ አገር የሚያስፈልገው ከገመድ ይልቅ ዋሻና በእግር የቆመ ድልድይ ነው። የእኅቴ ልጅ ግን አይስማማም። ትምህርቱን የመረጠው ገና ልጅ ሳለ ያን ባቡር ተስፋ አድርጎ ነው። አኹን ለመመረቂያው ስለ ባቡር የገመድ ድልድይ ሊጽፍ አስቧል፤ መምህሩ ርእሱን ገና አልፈቀደለትም።