ቅቤው ለፀጉሩ፣ መድኃኒቱ ለራስ ቆዳው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ተለውጧል። ሥራ ላይ ሳለሁ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ቁስል ነበር የምጠየቀው። አሁን ግን የእድር ስብሰባ ሲበተን ወይም ከለቅሶ ቤት ስንወጣ፣ አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሸርተት ታደርግና «ሲስተር፣ እስቲ ይችን ነገር እዪልኝ» ትለኛለች። የምታሳየኝ አብዛኛውን ጊዜ ፎረፎር ነው። ቀጥላ የምትለውንም አውቀዋለሁ፦ «ደርቆብኝ ነው መሰለኝ፣ ቅቤ ልቀባው?»

በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ከ30 ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቻለሁ። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚታከመውንና ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ለይቶ መንገር የነርስ ሥራ ነው፤ ዛሬም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ፎረፎር ሰው አይገድልም፤ ጋዜጣ ላይ የሚጻፍበትም ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ሆኖም በፎረፎር ምክንያት ጥቁር ልብስ መልበስ የተወች ወጣት አውቃለሁ። «ላሽ» እየተባለ ሲሰደብ ትምህርት ቤት የጠላ ልጅም አይቻለሁ። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ትንሽ የመሰለ ነገር በሻሽና በኮፍያ ተሸፍኖ ከርሞ የፀጉርን ሥር ለዘለቄታው ሲያጠፋ ማየት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለራስ ቆዳም ይሠራል።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የፀጉራችንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በፀጉር ሥር ያሉ ትናንሽ እጢዎች ተፈጥሯዊ ቅባት ያመነጫሉ። ሉጫ ፀጉር ላይ ይህ ቅባት እስከ ጫፍ ድረስ በቀላሉ ይወርዳል። ከርደድ ባለ፣ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ስለሚያግደው ጫፍ ሳይደርስ እሥሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ፀጉር ደርቆ እየተሰባበረ፣ የራስ ቆዳው ግን ቅባት የበዛበት ሊሆን ይችላል። ብዙ እናቶች ፀጉሩን ዳብሰው ደረቅ ሲሆንባቸው ቆዳውም የደረቀ ይመስላቸውና ቅቤውን እስከ ሥሩ ያጠጡታል። አንድ ራስ ላይ ሁለት የተለያየ ፍላጎት እንዳለ ካወቅን ግማሹ ችግር ተፈታ ማለት ነው።

በእርግጥ የደረቀ የራስ ቆዳ አለ። ብናኙ ደቃቅ፣ ነጭና ደረቅ ነው፤ ፀጉሩ ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ቆዳው የመወጠር ስሜት ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ እጅና እግርም አብረው አመድ የነካቸው ይመስላሉ። በአዲስ አበባ ይህ የሚብሰው ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ብርድ ሲገባ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ነው። በጣም በሞቀ ውኃ መታጠብ፣ በልብስ ሳሙና ራስን ማሸት፣ ሻምፖውን በደንብ አለማጥራትም ያመጡታል። ውኃ በሳምንት አንዴና ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር በአንድ ጆግ ውኃ ታጥበን ሳሙናው ሳይወጣ ፀጉራችንን ስንጠቀልል፣ የቀረው ሳሙና ራሱ ደርቆ ይረግፋል፤ ቆዳውንም ያሳክካል። ለዚህ ዓይነቱ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሻምፖ፣ በደንብ ማጥራት፣ ከዚያም ቆዳው ገና እርጥብ እንዳለ ጥቂት ጠብታ ዘይት በጣት ጫፍ ማዳረስ። እዚህ ላይ ትንሽ ቅባት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ዋናው ፎረፎር ግን ሌላ ነው። ብናኙ ተለቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሲነኩት ቅባት ቅባት የሚል ነው። ያሳክካል። ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ፣ በቅንድብ መሐል፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝም ይወጣል። በእኛ መልክ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ይልቁንም ቦታው ከሌላው ቆዳ ፈዘዝ ወይም ጠቆር ብሎ ይታያል። ምክንያቱ ቆሻሻ አይደለም። ማላሴዚያ የሚባል፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ አለ። ምግቡ ቅባት ነው። ቅባቱን በልቶ የሚተወው ነገር የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል፤ የተቆጣው ቆዳ ደግሞ ከወትሮው ፈጥኖ እየታደሰ አሮጌውን በብዛት ያራግፋል። እዚህ ላይ ቅቤ መጨመር ለፈንገሱ ድግስ መደገስ ነው። ብናኙ በቅቤው ረጥቦ ስለሚጣበቅ ለአንድ ሁለት ቀን የዳነ ይመስላል፤ ከዚያ ብሶ ይመለሳል።

ይህን በቅርብ ያየሁት በገዛ ቤቴ ነው። የልጅ ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት ራሷ ማሳከክ ጀመረ። በጉርምስና ዕድሜ የቅባት እጢዎች ሥራቸውን ስለሚያበዙ ፎረፎር የሚጀምርበት ዋናው ጊዜ ነው። እናቷ በየማታው ሥሩን ዘይት ትቀባታለች፣ በማግስቱ ብናኙ ዩኒፎርሟ ትከሻ ላይ ነው። ልጅቷ በጠራራ ፀሐይ የሹራቧን ኮፍያ አድርጋ ትመጣ ጀመር። ድሮ እግሬ ሥር ተቀምጣ ሹሩባ የምትሠራ ልጅ፣ «እማማ፣ አትንኪኝ» ማለት አመጣች። እናቷ ፀጉር ቤት ወስዳ በሪላክሰር ልታስተኛው አሰበች። እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል ጤነኛ ቆዳን እንኳ ሊያቃጥል ይችላል፤ ታክኮ የተላላጠ ቆዳ ላይ ማድረግ ደግሞ ቁስል መግዛት ነው።

ያደረግነው ይህን ነው። ከፋርማሲ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ተገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባው ይፈታል። ፀጉሩ አራት ቦታ ይከፈልና በለብታ ውኃ ይርሳል። መድኃኒቱ የሚታሸው በየክፍሉ መሐል እየተገባ፣ በጣት ጫፍ፣ የራስ ቆዳው ላይ ብቻ ነው። ጥፍር አይነካም። ከዚያ ሰዓት ተይዞ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ወዲያው አፍስሰው የሚያጥቡት ሰዎች «አልሠራልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ባልዲ ሙሉ ውኃ አስቀድሞ ይዘጋጅና እስኪጠራ ይታጠባል። መድኃኒቱ ፀጉርን ስለሚያደርቅ ኮንዲሽነር ከመሐል እስከ ጫፍ ይደረጋል፤ ሥሩ አይነካም። ፀጉሩ እንደረጠበ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ይፈታል። በመጨረሻ ጫፎቹ ትንሽ ዘይት ይቀቡና ላላ ያለ ሹሩባ ይሠራል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ለእንደኛ ዓይነት ፀጉር ከዚያ በላይ ማብዛት ይሰባብረዋል። በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ቀነሰ። በአራተኛው ሳምንት ትከሻዋ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት አንዴ እያደረግን ቀጠልን፤ ምክንያቱም ፎረፎር ይታገሣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሲተውት ይመለሳል። እናቷም ዘይቱን አላቆመችም፣ ቦታውን ብቻ ቀየረች፤ ከሥሩ ወደ ጫፉ። ኮፍያው ቀረ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ማበጠሪያ ይዛ መጥታ እግሬ ሥር መቀመጧ ነው።

እንዲህ ስል ቅቤን ማጣጣሌ አይደለም። ለጋ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር መልካም ነገር ነው፤ እናቶቻችን ፀጉራቸውን ያሳመሩበት ነው። ፎረፎር የሌለበት ሰው ሌሊት ተቀብቶ አድሮ ጠዋት በደንብ ቢታጠበው ፀጉሩ ይለሰልሳል። ችግሩ ቅቤው ሥሩ ላይ ሳምንት ሲከርም፣ አቧራ ሲይዝና ሲሸት ነው። ሎሚ ጨምቆ ማሸትን፣ ነጭ ሽንኩርት መፈተግንና ለቅማል ብሎ ነጭ ጋዝ መቀባትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ነጭ ጋዝ የልጅን ቆዳ ሲያቃጥሉ አይቻለሁ። ነጭ ጋዝ ደግሞ እሳት አጠገብ ሌላ መዘዝ አለው።

አሁን አያቶች በተለይ ልብ እንድትሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ልለፍ። ከጉርምስና በፊት ባለው ዕድሜ፣ በተለይ ከ3 እስከ 10 ዓመት ባለ ልጅ ራስ ላይ የሚረግፍ ነገር ካያችሁ፣ «ፎረፎር ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚህ ዕድሜ ፎረፎር ብዙም አይታይም፤ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የራስ ጭርት፣ ብዙዎቻችን ላሽ የምንለው ነው። ይህም ፈንገስ ነው፣ ነገር ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ በደንብ ባልጸዳ የፀጉር ቤት መሣሪያ ይዞራል።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ 7 ዓመቱ ነበር። አያቱ ከገጠር የመጡ ደግ ሴት ናቸው። ለሁለት ወር ቅቤ ቀቡት። ሲያመጡልኝ ራሱ ላይ ሁለት ቦታ ክብ ሆኖ ተመልጧል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል፤ ከማጅራቱ በላይ ያሉት እጢዎች አብጠዋል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ማመንታት አያስፈልግም። ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘለት።

አያቱ ተመልሰው መጡ፦ «ሲስተርዬ፣ ቁስሉ ራሱ ላይ ሆኖ ኪኒን ምን ያደርግለታል? የሚቀባ የለውም?» ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ፈንገሱ የተቀመጠው ቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በፀጉሩ ውስጥ፣ እስከ ሥሩ ዘልቆ ነው። ቅባት እዚያ አይደርስም። መድኃኒቱ በደም በኩል መጥቶ አዲስ የሚያድገውን ፀጉር ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መወሰድ አለበት። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ «ያን ቅቤዎን ምግቡ ውስጥ ያድርጉለት» አልኳቸው፣ ሳቁ። መድኃኒት ያለበት ሻምፖም ለልጁና ለቤተሰቡ ተጨመረ፤ እሱ ብቻውን አያድንም፣ መተላለፉን ግን ይቀንሳል። ታናሽ እህቱ ስትታይ እሷም ጀምሯት ነበር። ማበጠሪያው ተለየ፣ ትራሱ በፈላ ውኃ ታጠበ። ፀጉሩ ተመልሶ በቀለ።

ሁሉም እንዲህ አይታደልም። በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ራሷ ላይ እንደ እባጭ አብጦ መግል የቋጠረ ልጅ አምጥተውልኝ ያውቃሉ። ወራት ቆይቶ ነበር። ልጅቷ ታክማ ዳነች፤ እባጩ በነበረበት ቦታ ግን ጠባሳው ቀረ፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

ለአራስ ልጅ እናቶች አንድ ቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን ራስ ላይ የሚወጣው ቢጫ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፣ በራሱ ይሄዳል። ጥቂት ዘይት ቀብቶ ማለስለስ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት፣ ከዚያ ማጠብ ይበቃል። በጥፍር አይላጥም። እርግብግቢቱ ይጎዳል ተብሎ ሳይታጠብ መተው አያስፈልግም፤ በቀስታ ማጠብ አይጎዳውም።

እኛ በዕድሜ የገፋነውም ራሳችንን አንርሳ። ድንገት የመጣ፣ ፊትና ደረት ድረስ የሚወርድ፣ በመድኃኒት ሻምፖ የማይመለስ ፎረፎር ሲሆን መታየት ይገባል። በኤች አይ ቪና በፓርኪንሰን ሕመም ላይ እንዲህ ዓይነቱ ይበዛልና፤ ፎረፎር ያለበት ሁሉ ይህ አለበት ማለቴ ግን አይደለም። ወፍራም ብርማ ቅርፊት፣ የሚደማ ወይም መግል ያለው ቁስል፣ ክብ መላጥም እንዲሁ ቤት የሚቀመጡ አይደሉም። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ወዳለበት፣ በአዲስ አበባ ለምሳሌ ወደ አለርት ሆስፒታል፣ ይልኳችኋል። የቆዳ ቅባት በራስ ግምት ከፋርማሲ አትግዙ፤ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ጭርቱን ደብቆ ያስፋፋዋል።

ሹሩባ ስትሠሩም አታጥብቁት። ግንባር ላይ ቆዳውን የሚወጥርና እንቅልፍ የሚነሳ ሹሩባ ፀጉሩን ከፊት እያሸሸው ይሄዳል።

የልጅን ፀጉር የሚፈታ፣ የሚያበጥርና የሚጎነጉን ሰው ራሱን ከማንም በፊት ያያል፤ ከሐኪሙም ከአስተማሪውም በፊት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እግራችሁ ሥር ሲቀመጥ፣ ቅቤውን ከማንሳታችሁ በፊት ፀጉሩን ከፍላችሁ ቆዳውን በብርሃን እዩት።