ኑጋችንን ለየን

እኛ በቡሬ ዙሪያ የምንኖር ገበሬዎች ነን። በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ እንዘራለን። ኑግም እንዘራለን። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማሳችን በኑግ አበባ ቢጫ ይሆናል። ንቡም ደስ ይለዋል።

አንድ ዓመት ጎመንዘሩንም ኑጉንም በአንድ አውድማ ወቃን። በመካከሉ አውድማውን አልጠረግንም። ጆንያውንም አላራገፍንም። «ሁለቱም የዘይት እህል ነው፤ ምን ይጎዳል?» አልን።

ታኅሣሥ ላይ ኑጉን ገበያ አወጣን። ነጋዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ በተነው። «አባቴ፣ ይህ ኑግ ነው ወይስ ጎመንዘር?» አለ። ከዋጋውም ቀነሰብን። ተቆጣን። የማዳበሪያ ዕዳ ነበረብንና እያዘንን ሸጥን።

ቤት ገብተን የቀረውን ኑግ በሰፌድ ዘርግተን አየነው። ኑግ ጥቁር፣ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። በመካከሉ ግን ድቡልቡል የጎመንዘር ፍሬ ሞልቶበታል። ነጋዴው አልዋሸም። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። በእኛ ቤት ግን በጎመንዘር ጦስ የወደቀው ኑጉ ነው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ከዚያው ኑግ ለአንዲት ጎረቤታችን ለዘር አበድረናል። እሳቸው ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ዝም እንበል? ወይስ እንንገር? አንድ ሌሊት አሰብንበት። በማለዳ ሄደን፣ «እማማ፣ የሰጠንዎት ዘር ድብልቅ ነው፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። «እሰይ ነገራችሁኝ! ሐምሌ ላይ ዘርቼው ነበር እኮ» አሉ። ተሰብስበን በሰፌድ አንገዋለልነው። ድቡልቡሉ ተንከባሎ ወረደ። ኑጉ ቀረ። የቀረውን በእጅ ለቀምን።

መደባለቅ ለምን ይጎዳል? የጎመንዘር ዘይት ኢሩሲክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት አለበት። ሽታውም ይከረፋል። የኑግ ዘይት እንዲህ አይደለም። የአረም ፍሬ ሲገባ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በ1990 ዓ.ም በህንድ አገር በደልሂ ከተማ የሰናፍጭ ዘይት ከመርዛም አረም ዘይት ጋር ተደባልቆ ተሸጠ። ከ60 ሰዎች በላይ ሞቱ። ያ አረም ቅጠሉ እሾሃም፣ አበባው ቢጫ ነው። ሲቆረጥ ቢጫ ወተት ያወጣል። በእኛም አገር ይበቅላል።

ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን። ጎመንዘር በነበረበት መሬት በማግስቱ ዓመት ኑግ አንዘራም። ወፍ ዘራሹ ይበቅልብናልና። መጭ የሚባለው አረም የኑግ ዘመድ ነው። አበባውም ኑግ ይመስላል። ስለዚህ ሳያፈራ እንነቅለዋለን።

ኑግ በራሱ አበባ ዱቄት አያፈራም። ንብ ከሌላ ኑግ ታመጣለታለች። ንብ ደግሞ ድንበር አታውቅም። ስለዚህ ማሳችን የሚዋሰን ጎረቤታሞች ተስማምተን አንድ ዓይነት ዘር እንዘራለን። አንዱ ፎገራ፣ ሌላው ሻምቡ የተባለውን ዝርያ ቢዘራ ይዳቀላል። የዘር ኑጋችንንም ከዳር ሳይሆን ከማሳው መካከል እናጭዳለን።

ሳይረግፍ እናጭዳለን። አውድማውን ጠርገን እንወቃለን። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ አንከተውም። እርጥብ ኑግ ይሻግታል፤ ዘይቱም ይበላሻል።

በ2013 ዓ.ም በቡሬ ፌቤላ የተባለው ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ። ዘይት ፈላጊው ብዙ ነው። ንጹሕ እህል ያለው ሰው ገበያ ላይ አያፍርም።

ፊደል ከቆጠርን በኋላ አንድ ሥራ ጨመርን። በከሰል በአንዱ ጆንያ ላይ «ኑግ» ብለን ጻፍን። በሌላው ላይ «ጎመንዘር» ብለን ጻፍን። ለዘር ባስቀመጥነው ላይ ደግሞ «ዘር» አልን። አሁን ልጅም ቢላክ አይሳሳትም። እናንተስ ጆንያችሁ ላይ ምን ጻፋችሁ?