በፓሪስ ከተማ ስለሚታዩት የእንጨት ፕሮፔለሮች

ፓሪስን ለመጎብኘት የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ኤፌል ግንብና ወደ ሉቭር ነው። እኛ ግን ክቡራን አንባቢዎቻችንን ይዘን የምንገባው ሴን ማርተን ዴ ሻን ወደ ተባለው ወደ ጥንቱ ገዳም ነው። ገዳሙ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከመነኮሳቱ እጅ ወጥቶ በ1794 ዓ.ም. (ቁጥሩ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለተቋቋመው የጥበባትና የእጅ ሥራ ቤተ መዘክር ማደሪያ ሆነ።

በደረጃው ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፉን ዘርግቶ የተሰቀለው የክሌማን አዴር ሥራ ነው። በ1897 ዓ.ም. በሳቶሪ ሜዳ በጦር ሹማምንት ፊት ተፈትኖ አልሠመረለትም፤ ነገር ግን ፕሮፔለሮቹን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ያስደንቃል። አዴር የወፍን ላባ አስመስሎ ሠርቷቸዋልና። መልካቸው ያማረ ነው፤ አየሩን መግፋቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ ሉዊ ብሌርዮ ሐምሌ 25 ቀን 1909 ዓ.ም. ከካሌ ተነሥቶ የእንግሊዝን ባሕር የተሻገረበት አይሮፕላን ተሰቅሎ ይገኛል። የሞተሩ ኃይል 25 ፈረስ ብቻ ነበረ። ባሕሩን ያሻገረው ግን ሞተሩ ብቻውን አይደለም፤ ሉሲየን ሾቪየር የሠራው፤ «ኤንቴግራል» የተባለው የዋልነት እንጨት ፕሮፔለር ነው እንጂ። ሾቪየር ስስ ሳንቃዎችን አንዱን በአንዱ ላይ በሙጫ አጣብቆ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ እየጠረበ ቅርጹን ያወጣ ነበር። አንድ ወጥ ግንድ በፀሐይና በእርጥበት ይጣመማል፤ የተደራረበው ሳንቃ ግን አንዱ የሌላውን ጠማማነት ይይዛል። ራይት ወንድማማቾችም በ1903 ዓ.ም. በዚሁ ዘዴ ሠርተዋል።

ታዲያ ከአንድ አሮጌ ቤት ፕሮፔለር ቢገኝ፤ የማን እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? ምስክሩ እምብርቱ ነው። በዚያ ላይ የሠሪው ስም፤ የተራ ቁጥሩ፤ የሞተሩ ዓይነትና የፈረስ ኃይሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት፤ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትም ርቀት በብረት ማኅተም ተመትቶ ይገኛል። ጽሕፈቱ ቢጠፋ እንኳ የብሎኖቹ ቀዳዳ ብዛትና አሰላለፍ የትኛው ሞተር እንደ ነዳው ያመለክታል። በጫፉ ላይ የናስ ልባስ ካለው፤ በልባሱ ዳር ጥቃቅን ቀዳዳዎች መኖራቸውን መመልከት ይገባል። ውስጥ የገባው ውሃ በሽክርክሪቱ ኃይል ተገፍቶ የሚወጣው በእነርሱ ነው።

ከ1918 ዓ.ም. በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የተረፉት ፕሮፔለሮች ብዙዎች ነበሩ። ጥቂቶቹ መታሰቢያ ሆነው በግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ የሌሎቹ እምብርት ተቆርጦ የሰዓት ማቀፊያ ተደረገ። ይህስ ቢሆን ይሁን፤ ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ጋር በቤተሰብ እጅ ቆይቷል። የሚያሳዝነን እንጨቱ እንዲያበራ ብሎ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቀው ባለቤት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የአብራሪውንና የሠሪውን ታሪክ ይደመስሳልና፤ ከዚያ ወዲያ በእጁ የሚቀረው ስም የሌለው ያማረ ጣውላ ነው። ነጋዴም የጠፋውን ማኅተም አዲስ አስመትቶ ሊሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ገዢው አጉሊ መነጽር ይዞ ፊደሉ ከቫርኒሹ በፊት ወይስ በኋላ እንደ ተመታ ይመርምር።