የሊቅ ዕዳ

ማወቅ ዕዳ ያመጣል። ቅርሱን የማያውቅ ሰው ቅርሱ ሲፈርስ በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል፤ ማንም አይወቅሰውም። የሚያውቀው ግን ዝም ብሎ ካለፈ ከአፍራሾቹ እንደ አንዱ ነው። ይህ ሐሳብ በተመላለሰብኝ ቁጥር ሳውንደርስ ሉዊስ የተባለው የዌልስ ሊቅ ይታወሰኛል። የአገሩን ሥነ ጽሑፍ መረመረ፣ አስተማረ፣ ታላላቅ ተውኔቶችን ደረሰ፤ ያወቀው ነገርም እስር ቤት ድረስ ወሰደው።

ሉዊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ፣ ከሊቨርፑል ማዶ ባለችው በዋላሲ ነው። አባቱ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበሩ። በቤት ውስጥ ዌልሽኛ ይነገር ነበር፤ ከደጅ ሲወጡ ግን እንግሊዝኛ። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የተማረውም የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በመኮንንነት ዘመተ፤ በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ቆሰለ። በእነዚያ ዓመታት የፈረንሳዩን ደራሲ ሞሪስ ባሬስንና የአየርላንድ ጸሐፍትን አጥብቆ ያነብ ነበር። ሰው ከአባቶቹ ምድር ተነቅሎ ሙሉ ሰው ሊሆን አይችልም የሚለው የባሬስ ሐሳብ ልቡ ገባና ወደ አባቶቹ ቋንቋ ፊቱን መለሰ። በ1922 በስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዌልሽኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነ።

በ1927 ያሳተመው ጥናት በዊሊያም ዊሊያምስ ላይ የተጻፈ ነው። ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመዝሙር ደራሲ በአገሩ ሰው ዘንድ በመኖሪያው ስም ፓንቲከሊን ይባላል። መዝሙሮቹን በየጸሎት ቤቱ ትልቅና ትንሹ በቃሉ ይዟቸው ነበር። ከልጅነት ጀምሮ የሚዘመር ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይዘመራል። ሉዊስ እነዚያን መዝሙሮች አንሥቶ በዘመኑ የሥነ ልቦና ዕውቀት አነበባቸው፤ ደራሲውንም የሰውን ነፍስ ምኞትና ጭንቀት ከመረመሩት ታላላቅ የአውሮፓ ባለቅኔዎች ጎን አቆመው። ብዙዎች ደነገጡ፤ አንዳንዶችም ተቆጡ። ሆኖም ከዚያ በኋላ ፓንቲከሊንን እንደ ድሮው ማንበብ አልተቻለም።

በ1932 ደግሞ የዌልሽኛን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከጥንት እስከ 1535 የሚተርክ መጽሐፍ አወጣ። የመካከለኛው ዘመን ባለቅኔዎች በጥብቅ ሥርዓት ይሠለጥኑ ነበር፤ የድምፅና የቤት አመታት ሕጋቸው ከባድ ነበር። መሳፍንቱንና ባላባቶቹን ሲያወድሱ ብዙ አንባቢ እንደ አድርባይ ቆጥሯቸዋል። ሉዊስ የተረዳው በሌላ መንገድ ነው። በእርሱ አነባበብ ባለቅኔው ጌታ እንዴት መሆን እንዳለበት በውዳሴው አድርጎ ለጌታው ያሳየዋል፤ ውዳሴው ለተወዳሹ የተሰጠ ኃላፊነት ነው።

ትረካው በ1535 መቆሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ1536 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር አዋሐደ፤ በፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ብቻ እንዲነገር፣ እንግሊዝኛ የማያውቅም ሹመት እንዳያገኝ አዘዘ። ሹመት የፈለገ ባላባት ቋንቋውን ለወጠ፤ ባላባቱ ሲለወጥ ባለቅኔው ጧሪ አጣ። ገበሬው ዌልሽኛውን አልተወም፤ በ1588 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በዌልሽኛ መታተሙም ለቋንቋው ትልቅ አቅም ሰጠው። ከሹመትና ከፍርድ አደባባይ ግን ለዘመናት ተባረረ። ሉዊስ የድሮ ግጥም ሲያጠና ያገኘው የበሽታውን መነሻ ነበር።

ያገኘውን በመጽሐፍ ብቻ ሊተወው አልቻለም። እነዚህ መጻሕፍት ከመውጣታቸው አስቀድሞም፣ በ1925፣ በፑልሄሊ ከተማ የዌልስን ብሔራዊ ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሊቀ መንበሩ። በ1936 የእንግሊዝ መንግሥት በዌልስ፣ በሊን ልሳነ ምድር፣ ፔኒበርት በሚባለው ስፍራ የአየር ኃይል የቦምብ መጣያ ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሣ። በስፍራው የነበረው ቤት በጥንት ዘመን ባለቅኔዎችን ያስተናገዱ ባላባቶች ቤት ነበር፤ ፈረሰ። በእንግሊዝ ውስጥ የታሰቡ ቦታዎች ተቃውሞ ስለተነሣባቸው ቀርተው ነበር፤ የዌልስ ተቃውሞ ግን ሰሚ አላገኘም። በመስከረም ወር አንድ ሌሊት ሉዊስ፣ ሰባኪው ሉዊስ ቫለንታይንና መምህሩ ዲ. ጄ. ዊሊያምስ የግንባታ ቁሳቁሱንና ጎጆዎቹን አቃጠሉ። ከዚያ አልሸሹም፤ ፑልሄሊ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያደረግነው እኛ ነን አሉ። በካርናርቨን ፍርድ ቤት ጁሪው መስማማት ስላቃተው ጉዳዩ ወደ ለንደን ተዛወረ፤ በዚያ ዘጠኝ ወር ተፈረደባቸው። ሉዊስ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት የማስተማር ሥራውን አጥቶ ነበር። እንደገና በዩኒቨርሲቲ የተቀጠረው በ1952፣ በካርዲፍ ነው።

ሰውየውን ግን ቅዱስ አድርጌ አላቀርበውም። በ1930ዎቹ ስለ አይሁድ የጻፋቸው የሚያሳፍሩ ቃላት አሉ፤ ለአውሮፓ ቀኝ ክንፍ አምባገነኖች ባሳየው ለዘብተኛነትም በዘመኑ አጥብቆ ተወቅሷል። በዚያው በ1936 በማይጨው ከሰማይ የወረደውን እሳት ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉድፍ አይደለም። የቦምብ ትምህርት ቤትን የተቃወመ ሰው ቦምብ ጣዮቹን ከማንም ይበልጥ መንቀፍ ነበረበት። የሠራውን መልካም ሥራ ስናመሰግን ይህን አብረን መናገር ይገባናል።

ተውኔቶቹን ሳነብ የማገኘው ሰው ከፖለቲከኛው ይበልጥ ጥልቅ ነው። «ሲዋን» የተሰኘው ተውኔት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆን ልጅ ሲዋን የዌልሱን መስፍን ልዌሊንን አገባች፤ ጋብቻው የመንግሥታት ውል ነበር። ከአንድ ኖርማናዊ ባላባት ጋር ስትያዝ ልዌሊን ሰውየውን በ1230 አሰቀለው። የፖለቲካ ብልሃት ሰውየውን በሕይወት ያቆየው ነበር፤ የሰቀለው የመስፍኑ ፍቅር ነው። በመጨረሻው ክፍል መስፍኑ ከታሰረችበት ክፍል አስጠርቶ ተመለሽልኝ ይላታል። ሁለቱም ያደረጉትን ሳይክዱ፣ ዋጋውንም ለሌላ ሳያሻግሩ እንደገና አብረው ሊኖሩ ይወስናሉ። የሉዊስ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ይመርጣሉ፤ የመረጡትንም ይከፍላሉ።

የካቲት 1962 ላይ፣ ዕድሜው 68 ሲደርስ፣ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ዌልሽኛ ዕጣ ፈንታ ንግግር አደረገ። የጀመረው ከ1536ቱ ሕግ ነው፤ በወጣትነቱ በቤተ መጻሕፍት ያገኘውን በሽታ በሽምግልናው ለሕዝብ ተናገረ። ነገሩ በያዘው መንገድ ከቀጠለ ዌልሽኛ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሕያው ቋንቋ መሆኑ ያበቃል ሲል አስጠነቀቀ። በምሳሌነት ያቀረበው ሊቅ ወይም ባለሥልጣን አልነበረም። በላንጌኔክ መንደር የሚኖሩ ትሬቨርና አይሊን ቢዝሊ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባልየው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። የግብር መጠየቂያው በዌልሽኛ ካልመጣልን አንከፍልም ብለው ለስምንት ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ተመላለሱ፤ የቤት ዕቃቸው ተወሰደ፤ አልበገር አሉ። በመጨረሻ ወረቀቱ በሁለቱም ቋንቋ መጣላቸው። ሉዊስ ወገኖቹን ይህን አድርጉ አላቸው።

ወጣቶች ሰሙት። በዚያው ዓመት የዌልሽኛ ቋንቋ ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱ በየመንገዱ ተቀመጡ፣ የመንገድ ምልክቶችን ቀለም ቀቡ፣ ታሰሩ። በ1967 የመጀመሪያው የዌልሽኛ ቋንቋ ሕግ ወጣ፤ በ1982 የዌልሽኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተ፤ በ2011 ቋንቋው በሕግ የሥራ ቋንቋነት ማዕረግ አገኘ። ሉዊስ የመጨረሻውን አላየም፤ በ1985 ሞቷል። በ1911 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተናጋሪ የነበረው ዌልሽኛ በ2021 ቆጠራ 538,000 ያህል ተናጋሪ ነው ያለው። ቁጥሩ አሳሳቢ ነው፤ ሆኖም እርሱ የፈራው ዘመን አልፎ ሕፃናት ዛሬም በቋንቋው ይማራሉ።

ቋንቋውን የሚወድ ሰው ሁሉ፣ የየትኛውም ቋንቋ ባለቤት ቢሆን፣ ከዚህ ሊቅ ሕይወት አንድ ነገር ይውሰድ። የቋንቋን ጥንታዊነት ማወደስና ስለ ውበቱ ግጥም መግጠም መልካም ነው፤ ቋንቋን ግን አያኖረውም። በየትኛው ቋንቋ ክስ ይመሠረታል? ግብር በየትኛው ይጠየቃል? ልጅ ቤት ሲገባ ለእናቱ በየትኛው ይመልስላታል? መጀመሪያ እነዚህን እንጠይቅ፤ መልሱ ካላስደሰተን እንደ ላንጌኔኮቹ ባልና ሚስት ከገዛ ደጃችን እንጀምር።