ጥርስ የማይረሳው

የሰው ገላ መዝገብ ነው። የበላነው ሁሉ በጠጕራችንና በጥርሳችን ውስጥ ምልክቱን ትቶ ያልፋል። ይህ ዘይቤ አይደለም፤ የሚለካ እውነት ነው። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ከስንዴ፣ ከገብስና ከድንች ይልቅ ካርቦን 13 ይበዛባቸዋል። ናይትሮጅን 15 ደግሞ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ ወደ አዳኙ በተሻገረ ቁጥር በሺህ ከ3 እስከ 4 ያህል ይጨምራል።

በሥራዬ ምክንያት የምቀርበው ሲያር የተባለ ፕሮግራም ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥቶ የእንስሳትን ማዕድ ይገምታል። አንድሩ ፓርኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ እርሱ ጻፉ፤ ዛሬ ሚክስሲያርን የመሰሉ ታናናሾቹ ተክተውታል። አየርላንድ የሚከርሙ ዝዮችን ደም ልኬት ቢሰጡት፣ ከባሕሩ ሣር፣ ከአልጌውና ከመስኩ ሣር ስንት ስንት እጅ እንደበሉ ይናገራል። የምወድለት ጠባይ ቁርጥ አድርጎ አለመፍረዱ ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» ይላል እንጂ።

የምፈራለትም ጠባይ አለው፤ ያልነገሩትን አያውቅም። አንዱን ምግብ ቢዘነጉበት ድርሻውን ለተጠቀሱት አከፋፍሎ ይመልሳል። ከዝንጋታ ሁሉ የሚከፋው ግን ረኃብን መዘንጋት ነው። የተራበ ገላ የራሱን ሥጋ ስለሚበላ ናይትሮጅን 15ቱ ከፍ ይላል፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ፣ የተራበው ሥጋ የጠገበ ይመስላል።

በአየርላንዷ ኪልኬኒ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ900 በላይ የረኃብ ዘመን ሙታን ያረፉበት የጅምላ መቃብር ተገኘ። ከ1847 እስከ 1851 በድሆች መጠለያ ያለቁ ናቸው። በ2016 የታተመ ጥናት ጥርሳቸውን አነበበ። ድንች በልተው ባደጉት ላይ ከአሜሪካ የመጣው በቆሎ ካርቦኑን ከፍ አድርጎ ታየ። ከበቆሎው በፊት ግን ናይትሮጅኑ ወጥቶ ነበር፤ እህሉ ሲደርስ ወረደ። ረኃቡ ከእርዳታው ቀድሞ ተጽፏል።

እናቴ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ዓመት አትናገርም፤ እኛም አንጠይቃትም። በማሽላ ያደገ ጥርሷ ግን የእርዳታውን ስንዴ በተቃራኒው፣ በካርቦን መውረድ መዝግቦት ይሆናል። ከስንዴው በፊት የነበሩትንም ወራት እንዲሁ።

በፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ለማሽላም፣ ለስንዴም፣ ለወተትም ረድፍ አለ። ለረኃብ ረድፍ የለውም። ያንን ረድፍ ማስታወስ የአንባቢው ዕዳ ነው።